የፈረጠመ ክንድ እንዴት ይቀጥናል? ስለ ጡንቻ መቀነስ የሚወራውና እውነታው

ጡንቻ እንዴት እንደሚፈረጥም የሚነግር ሰው በየጂሙ ሞልቷል። ጃኬቱ ትከሻው ላይ አልዘጋ ያለው ወጣት ወይም ባቷ ወፍሮ አጭር ቀሚስ መልበስ ያስጠላት ልጅ «እንዴት ልቀንሰው?» ብለው ሲጠይቁ ግን የሚያገኙት መልስ አብዛኛውን ጊዜ ወሬ ነው። «ተወው፣ ስብ ይሆንብሃል» ይላል አንዱ። «ቀላሉን ብረት ብዙ ጊዜ አንሳ» ይላል ሌላው። «ሩጪና በላብ አውጪው» የሚልም አይጠፋም። የመልክ ነገር የባለቤቱ ምርጫ ነው፤ ትልቅ ክንድ የሚወድ እንዳለ ሁሉ ቀጭን ክንድ የሚወድም አለ። ምርጫው በተሳሳተ መረጃ ላይ ሲቆም ግን ሰው ወራቱን ያባክናል፣ ጉልበቱንም በከንቱ ያጣል።

ጡንቻ ስብ አይሆንም። ሁለቱ የተለያዩ ህብረ ሕዋሳት ናቸውና አንዱ ወደ ሌላው አይለወጥም። እምነቱን ያመጣው ዓይን የሚያየው ነገር ነው፤ ብረት መግፋት ያቆመ ሰው እንደ ድሮው መብላቱን ይቀጥላል፣ ክንዱ ሲሟሽሽ በዚያው ሰሞን ሆዱ ይገፋል። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ሲሆን አንዱ ሌላውን የወለደ ይመስላል። ስለዚህ ልምምዱን የሚቀንስ ሰው የሚበላውንም አብሮ ማስተካከል አለበት።

ጡንቻ ሲቀንስ ምን እንደሚመስል በደቡብ ወሎ ለመካነ ሰላም፣ ለሳይንትና ለለጋምቦ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። እግሩ ተሰብሮ ጄሶ የታሰረለት ወይም ወጌሻ ያሰረለት ሰው፣ ሲፈታለት አንዱ እግሩ ከሌላው ቀጥኖ ያገኘዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 ከኔዘርላንድስ ማስትሪክት የወጣ ጥናት ይህንኑ በቁጥር አሳይቷል። የጤነኛ ወጣቶች አንድ እግር በጄሶ ታስሮ ሲለካ የታፋቸው ጡንቻ በ5 ቀን 3.5 በመቶ፣ በ14 ቀን 8.4 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። የእግሩ ጉልበት ግን በ14 ቀን 23 በመቶ ወርዷል። እግርን ጨርሶ ማሳረፍ ከመጠኑ ይልቅ ጉልበቱን ፈጥኖ ይወስዳል ማለት ነው። ለማቅጠን ብሎ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ ከምክሮቹ ሁሉ የከፋ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ብረቱን አቁሞ የዕለት ኑሮውን የሚኖር ሰው ጉዳይ ሌላ ነው። ሮበርት ስታሮንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት ጥናት፣ 20 ሳምንት ከባድ የእግር ልምምድ የሠሩ ሴቶች ከ30 ሳምንት ላላነሰ ጊዜ አቆሙ። የጡንቻቸው ክሮች ውፍረት ያን ያህል አልቀነሰም፤ ጉልበታቸው ወረደ፣ ግን ከልምምዱ በፊት ወደነበረበት አልተመለሰም። እንደገና ሲጀምሩ ደግሞ ለፈጣን እንቅስቃሴ የሚያገለግሉት ክሮች በ6 ሳምንት ወፈሩ። «አንዴ ከቀነሰ አይመለስም» ብሎ የሚፈራ ሰው ካለ መልሱ እዚህ አለለት። አንድ ጊዜ የጎለበተ ጡንቻ ለሁለተኛ ጊዜ ሲጎለብት ከመጀመሪያው ይፈጥናል።

ከሁሉም የጠና ስህተት ያለው በቀላል ብረት ላይ ነው። ከባድ ብረት ያወፍራል፣ ቀላሉን 30 ጊዜ ማንሳት ግን ያቀጥናል የሚለው አባባል በየጂሙ እንደ ሕግ ይነገራል። በካናዳ የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ይህን ፈተኑት። አንዱ እግር ማንሳት ከሚችለው ትልቁ ክብደት 80 በመቶውን፣ ሌላው 30 በመቶውን ብቻ፣ ሁለቱም አልችልም እስኪሉ ድረስ ለ10 ሳምንት አነሱ። ጡንቻው በሁለቱም መንገድ ተቀራራቢ እድገት አሳየ። ጡንቻን የሚያሳድገው የብረቱ ክብደት ብቻ አይደለም፤ እስኪዝል መሠራቱ ነው። ትከሻውን ለማቅጠን በሲሚንቶ የተሞላ ቆርቆሮ እየያዘ ክንዱ እስኪንቀጠቀጥ የሚያነሳ ወጣት የሚሠራው የማሳደግ ሥራ ነው።

«በሳምንት ሦስት ቀን የነበረውን አንድ ቀን ካደረግሁት ይቀንሳል» የሚለውም አይሠራም። በአሜሪካ አላባማ ግዛት በበርሚንግሃም የተካሄደ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት 16 ሳምንት የሠለጠኑ ሰዎችን ለ32 ሳምንት ተከታተለ። ልምምዳቸው ወደ ዘጠኝ አንድ እጅ፣ ማለትም በሳምንት ለአንድ ቀን ትንሽ ሥራ፣ የወረደላቸው ወጣቶች ጡንቻቸውን አላጡም። ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ የሆኑት ግን በዚያ መጠን የጡንቻቸውን ክር ውፍረት መያዝ አቃታቸው። ለወጣቱ ጡንቻ ጥቂት ነገር ይበቃዋል። እንዲቀንስ ከተፈለገ በዚያ ቦታ ላይ እስኪዝል የሚሠራውን ልምምድ ለወራት ሙሉ በሙሉ ማቆም ያስፈልጋል።

በተግባር ሲታይ እንዲህ ይሆናል። ትከሻው የበዛበት ሰው የትከሻና የክንድ ልምምዱን ያቆማል፤ የጀርባውን፣ የወገቡንና የእግሩን ይቀጥላል። ጉልበቱ እንዳይርቅበት ከፈለገ አልፎ አልፎ ጠንከር ያለ ክብደት ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ አንስቶ፣ ሳይዝል ያስቀምጣል። በልብስ ሰፊ ሜትር በወር አንድ ጊዜ፣ ጠዋት፣ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ይለካል። በሁለት ሳምንት ለውጥ የሚጠብቅ ሰው ያዝናል።

ልምምዱን ባቆመ ሰው ላይ በመጀመሪያው ሳምንት የሚታየው መሟሽሽም ቢሆን በአብዛኛው ገና የጡንቻ መቀነስ አይደለም። ጡንቻ ውስጥ የሚቀመጠው ስኳር፣ ግላይኮጅን የሚባለው፣ በእያንዳንዱ ግራም ወደ 3 ግራም ውሃ ይዞ ይኖራል፤ ሥራና ምግብ ሲቀንስ ሁለቱም አብረው ይወርዳሉ፣ ከአንድ የበዓል ድግስ በኋላም አብረው ይመለሳሉ። የዓቢይ ጾም 55 ቀናትም ሆኑ የረመዳን ወር በራሳቸው ጡንቻ አይጨርሱም። ሽሮ፣ ምስርና ባቄላ ፕሮቲን አላቸው፤ ሥራውን ያልተወ ሰው ብዙውን ይይዛል።

ላብ ደግሞ ውሃ ነው። ሁለት ጃኬት ደርቦ በፀሐይ መሮጥ ሚዛኑን ለአንድ ቀን ያወርዳል፣ ሰውየውን ለአደጋ ያጋልጣል፣ ጡንቻውን ግን አይነካም። ሩጫ ራሱ የሚያደርገው ሌላ ነገር ነው። ሮበርት ሂክሰን እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣው ጥናት ብረትና ብርቱ የጽናት ልምምድ ለ10 ሳምንት አጣምረው የሠሩ ሰዎች ከ7ኛው ሳምንት በኋላ ጉልበታቸው መጨመሩን አቆመ፣ መጨረሻ ላይም ወረደ። ሩጫ እድገትን ያዘገያል እንጂ ያለውን ጡንቻ እንደ ቅቤ አያቀልጥም።

በመካነ ሰላም ዙሪያ ያለው መሬት ዳገትና ቁልቁለት ነውና ባቴ የወፈረው በመንገዱ ነው የሚል ብዙ ነው። ዳገት ባትን ያጠነክራል፤ ነገር ግን ጭነቱ ካልጨመረ እድገቱ የሆነ ቦታ ላይ ይቆማል። የባት ቅርጽ አብዛኛው ከወላጅ የሚወረስ ነው፤ ጅማቱ ረዥም የሆነለት ሰው ባቱ ቀጭን ሆኖ ይታያል። ውሃ ለመቅዳት ሀያ ሊትር ጀሪካን የምትሸከም ሴት መንገዱን ብትተው የምታገኘው ጥቅም የለም። ስለ ከፍታም የሚወራ አለ። በጣም ከፍ ያለ ተራራ ጡንቻን ይቀንሳል፤ እ.ኤ.አ. በ1985 ስምንት ሰዎች የኤቨረስትን ቀስ በቀስ መውጣት በሚመስል የአየር ግፊት ክፍል ውስጥ 40 ቀን በቆዩበት ሙከራ ታይቷል። የመካነ ሰላም 2600 ሜትር ገደማ ከፍታ ግን ከዚያ በጣም የራቀ ነው፤ ተወልዶ ላደገበት ሰው ደግሞ ከነጭራሹ ጉዳዩ አይደለም።

«ከቀጠንሁ ጉልበቴ ይሄዳል» ለሚል ሰው ኃይሌ ገብረሥላሴ ከማንም የተሻለ ማስረጃ ነው። መስከረም 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ኦሊምፒክ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ፣ ያ ቀጭን ሰው በመጨረሻዎቹ እርምጃዎች ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሴኮንድ ቀደመው። በዚያው ኦሊምፒክ የወንዶች 100 ሜትር አንደኛና ሁለተኛ የተለያዩት ከዚህ በሰፋ ልዩነት ነበር። ጉልበት የጡንቻ ስፋት ብቻ ሳይሆን ነርቭ ጡንቻውን የሚያዝበት መንገድም ነው፤ መጠኑ ሲቀንስም ብዙው ይቀራል። እንግሊዛዊው ብስክሌተኛ ብራድሊ ዊጊንስ ሌላው ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በቤጂንግ በትራክ ወርቅ ያገኘ ሰው፣ ተራራ ለመውጣት ሲል ሰውነቱን አቅጥኖ በ2012 ቱር ደ ፍራንስን አሸነፈ፤ ከዚያ መልሶ አጎልብቶ በ2016 በሪዮ እንደገና የትራክ ወርቅ ወሰደ። ሰውነት በሁለቱም አቅጣጫ ይሄዳል፣ ጊዜና ዕቅድ ካለው።

ሴቶች ብረት ካነሱ ወንድ ይመስላሉ የሚለው ስጋት ሴቶችን ከጂም ያስቀራል። የአዋቂ ወንድ ቴስቶስትሮን ከሴቷ 15 እጥፍና ከዚያ በላይ ነው፤ ያን ያህል ጡንቻ በድንገት አይመጣም። ባቴ ወፈረ ብላ ልምምድ ለማቆም የምታስብ ሴት ግን መጀመሪያ አንድ ነገር ብታይ ጥሩ ነው፦ እብጠቱ ከእግር መዳፍ ጀምሮ እንደሆነ። በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች በባዶ እግር ቀይ አፈር ላይ በመሄድ የሚመጣው ዝሆኔ ሲጀምር እግርን ያሳክካል፣ ያቃጥላል፣ ቀስ በቀስም ወደ ጉልበት ይወጣል። በአገሪቱ ወደ 1.5 ሚሊዮን ሰው ከበሽታው ጋር እንደሚኖር ይገመታል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ጫማ በማድረግና እግርን በሳሙና በየቀኑ በመታጠብ ይከላከሉታል፣ ቶሎ ከተያዘም ይቀንሳል። ጡንቻ የእግርን መዳፍ አያሳብጥም። እንዲህ ያለ እብጠት ያየ ሰው ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት፤ ሳይፈልግ ከሁለቱም እጆቹና እግሮቹ እየቀጠነ የሚሄድ ሰውም እንዲሁ፣ የሳንባ ነቀርሳና የስኳር በሽታ በዚህ መንገድ ራሳቸውን ሊያሳውቁ ይችላሉና።