ክርና ማስመሪያ ሐዲድን ሲመረምሩ

የሞዴል ባቡር ዘወትር በአንድ ኩርባ ላይ ከሐዲዱ የሚወጣ ከሆነ፣ ከሎኮሞቲቩ በፊት ሐዲዱን መጠርጠር ይገባል። በ1፡87 ልኬት የሁለቱ ሐዲዶች ስፋት 16.5 ሚሊሜትር ብቻ በመሆኑ፣ በመጋጠሚያ ላይ ያለች ጥቂት እጥፋት ለዓይን ተሰውራ መንኮራኩሩን ልታስት ትችላለች።

መፈተሻው ቀላል ነው። 20 ሴንቲሜትር ክር ወጥረን ጫፎቹን በውጨኛው ሐዲድ ውስጣዊ ጠርዝ ላይ እናሳርፍ፤ ከክሩ እኩሌታ እስከ ጠርዙ ያለውን ክፍተት በማስመሪያ እንለካ። የክሩ ርዝመት ካሬ ለክፍተቱ 8 እጥፍ ሲካፈል የኩርባውን ሬዲየስ በግምት ይሰጣል። ክፍተቱ 10 ሚሊሜትር ቢሆን ሬዲየሱ 50 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ክሩን በሐዲዱ ላይ ስናዘዋውር ክፍተቱ ወደ 14 ሚሊሜትር ካደገ ግን ሬዲየሱ ወደ 36 ሴንቲሜትር ወርዷል ማለት ነው፤ እጥፋቱም እዚያ ይገኛል።

የእውነተኛ ባቡር መንገድ ሠራተኞችም ኩርባን በክር የሚፈትሹት በዚሁ ሕግ ነው።