የምርጫ ትንበያና የድምፅ መስጫ ማሽን ምን ያህል ይታመናሉ?

በምርጫ ሰሞን ሁለት ዓይነት ቁጥሮች ይወጣሉ። አንደኛው፣ ጥቂት ሰዎችን ጠይቆ የብዙኃኑን ዝንባሌ የሚገምተው የቅድመ ምርጫ የሕዝብ አስተያየት ጥናት ነው። ሁለተኛው ቆጠራው ነው፤ በብዙ አገሮች በከፊል ወይም ሙሉ በሙሉ በማሽን ይሠራል። ሁለቱም በሐሰተኝነት ይከሰሳሉ፤ ነገር ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አላቸው። ጥናቱ ሲሳሳት የምርጫው ቀን ያጋልጠዋል። ማሽኑ ሲሳሳት ግን ሌላ ማስረጃ ከሌለ ስህተቱ ራሱ ውጤት ሆኖ ይታወጃል።

የናሙና ጥናት አሠራሩ ቀላል ነው። በደንብ የተማሰለ ወጥ ጨው በአንድ ጭልፋ ይታወቃል፤ በዕጣ የተመረጡ 1 ሺህ ያህል ሰዎችም የሚሊዮኖችን ዝንባሌ በ3 በመቶ ገደማ የስህተት ህዳግ ሊያሳዩ ይችላሉ። ጣጣው ያለው ማማሰሉ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ለ10 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መጠይቅ በፖስታ ልኮ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰበሰበ፤ በፕሬዚዳንታዊው ምርጫ ሪፐብሊካኑ አልፍ ላንደን ያሸንፋል ብሎም ጻፈ። ላንደን ከ48ቱ ግዛቶች የቀናው በሁለቱ ብቻ ነበር። አድራሻዎቹ በአመዛኙ ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ የተለቀሙ ነበሩ፤ በዚያ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ደግሞ ድሃው ስልክም መኪናም አልነበረውም። መጠይቁን ሞልቶ የመለሰውም ከአራት ሰው አንዱ ያህል ነው። እጅግ ባነሰ ናሙና የላንደንን ተፎካካሪ የሩዝቬልትን አሸናፊነት ቀድሞ የተናገረው ጆርጅ ጋሉፕ በዚያ ስሙን ተከለ። እሱም ቢሆን በ1948 ተፎካካሪው ዲዊ ፕሬዚዳንት ትሩማንን ይረታል ብሎ ከብዙዎች ጋር አብሮ ተሳስቷል።

የዛሬው ፈተና ስልክ አንስቶ የሚመልስ ሰው መጥፋቱ ነው። በአሜሪካው ፒው የምርምር ማዕከል የስልክ ጥናቶች በ1997 ከመቶ 36 ሰዎች ይመልሱ ነበር፤ በ2018 ግን 6 ብቻ። የሚመልሱት ከማይመልሱት በአመለካከት ከተለዩ፣ ሺዎችን መጨመር ስህተቱን አያርመውም። በ2016 የአሜሪካ ምርጫ አገር አቀፍ ጥናቶች ከውጤቱ ብዙም አልራቁም፤ የተሳሳቱት እንደ ዊስኮንሲንና ሚሺጋን ባሉ ወሳኝ ግዛቶች ነው። አንዱ ምክንያት ኮሌጅ የጨረሱ ሰዎች በናሙናው ውስጥ መብዛታቸውና ብዙ አጥኚዎች ይህን አለማስተካከላቸው ነበር። በ2020 ብዙዎቹ አስተካከሉት፤ ሆኖም የአገር አቀፉ ስህተት በ40 ዓመት ውስጥ ከታዩት ሁሉ የከፋ ሆነ። ከጥናቱ ጎን የሚጻፈው የስህተት ህዳግ የዕጣውን አጋጣሚ ብቻ ነው የሚለካው። አልመልስም ብሎ ስልኩን የዘጋውን ሰው አይቆጥርም።

እንዲህ ያለ ጥናት ቆጠራውን ለመክሰስ ምስክር ሆኖ ሲቀርብ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። በ2004 የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ከምርጫ ጣቢያ የሚወጡ ሰዎችን የጠየቀው ጥናት ጆን ኬሪን መሪ አድርጎ ሲያሳይ፣ ውጤቱ የቡሽ ሆነ፤ ማሽኖቹ ተጭበርብረዋል የሚለው ክስም ከዚያ ተነሣ። የጥናቱ ባለቤቶች ልዩነቱን መርምረው የደረሱበት ምክንያት የኬሪ ደጋፊዎች ለመጠየቅ ይበልጥ ፈቃደኞች የነበሩ መሆናቸው ነው።

የማሽኑ ጥያቄ በአሜሪካ የገነነው ከ2000 ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ በኋላ ነው። በፍሎሪዳ በሚበሱ ካርዶች ላይ በቅጡ ያልተበሳው የቱ ነው እየተባለ ሳምንታት ከተቆጠሩ በኋላ ቡሽ በ537 ድምፅ አሸነፈ። በ2002 የወጣው የፌዴራል ሕግ ለአዳዲስ መሣሪያዎች ገንዘብ ሰጠ፤ ብዙ አውራጃዎችም ወረቀት የማያትሙ ባለ ንክኪ ስክሪን ማሽኖች ገዙ። ጉዳዩን ከሁሉ አጥርቶ የሚያሳየው በዚያው ፍሎሪዳ፣ በሳራሶታ አውራጃ፣ በ2006 የሆነው ነው። ለኮንግረስ በተደረገው ውድድር ወደ 18 ሺህ የሚጠጉ የማሽን መራጮች ለማንም ሳይመርጡ እንዳለፉ ተመዘገበ፤ የአሸናፊውና የተሸናፊው ልዩነት ደግሞ 369 ድምፅ ብቻ ነበር። በወረቀት በመረጡት ዘንድ እንዲህ ያለ ክፍተት አልታየም። ብዙዎች የስክሪኑ አቀማመጥ መራጩን አሳስቶታል አሉ፤ ሌሎች ሶፍትዌሩን ጠረጠሩ። ድጋሚ ቆጠራ ተባለ፤ ግን ማሽኑ ያንኑ ቁጥር ደግሞ ከመናገር በቀር ምን ያድርግ? የሚቆጠር ወረቀት አልነበረም።

አውሮፓም ከዚህ አላመለጠም። በ2006 የኔዘርላንድስ ተሟጋቾች ኔዳፕ የተባለውን የምርጫ ማሽን ፕሮግራም ቀይረው ቼዝ አጫወቱት፤ አገሪቱም ወደ ወረቀትና እርሳስ ተመለሰች። የጀርመን ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በማርች 2009 የሰጠው ብይን ግን ከጠለፋ ሥጋት አልፎ ይሄዳል፦ ማንኛውም ዜጋ የተለየ የቴክኒክ እውቀት ሳይኖረው የምርጫውን ዋና ዋና እርምጃዎችና ውጤቱን ማረጋገጥ መቻል አለበት ይላል። በሕንድ መራጩ ቁልፉን ሲጫን የመረጠው ምልክት የታተመበት ቁራጭ ወረቀት በመስታወት ጀርባ ለ7 ሴኮንድ ይታይና በታሸገ ሣጥን ውስጥ ይወድቃል። ብራዚል በአንጻሩ ከ1996 ጀምሮ የምትጠቀምበት ማሽን ለእያንዳንዱ መራጭ ወረቀት አያትምም፤ ሙግቱም እስከ ዛሬ አልበረደም።

ዛሬ በአሜሪካ አብዛኛው ድምፅ የወረቀት ማስረጃ አለው፤ ስካነር ይቆጥረዋል፣ ወረቀቱ ይቀመጣል። በ2020 ጆርጂያ 5 ሚሊዮን ያህል ወረቀቶችን በእጅ ስትቆጥር የባይደን አሸናፊነት ጸና። የዶሚኒየን ኩባንያ የምርጫ ማሽኖች ድምፅ አዛውረዋል የሚለውን ወሬ ያሠራጨው ፎክስ ኒውስ በ2023 ለኩባንያው 787.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ሁሉን መቁጠር ግን ሁልጊዜ አያስፈልግም። ኮሎራዶ በ2017 በግዛት ደረጃ የጀመረችው ኦዲት ወረቀቶችን በዕጣ አውጥቶ ከማሽኑ መዝገብ ጋር ያመሳክራል፤ በተወዳዳሪዎቹ መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ከሆነ ጥቂት ይበቃሉ፣ ሲጠብ ይበዛሉ። ዕጣና ናሙና እዚህ የሚሠሩት ወረቀት እንደ ሰው አልመልስም ስለማይል ነው።

ወረቀት ብቻውን ግን ዋስትና አይሆንም። በኢትዮጵያ፣ በአገሩ አቆጣጠር በ1997 ዓ.ም. ምርጫ፣ ማሽን የሚባል አልነበረም፤ ሆኖም በኮሮጆ ግልበጣ ክስ አገር ታመሰች። ከጣቢያ እስከ ማዕከል ያለው መንገድም እንደ ቆጠራው ያጠራጥራል። የኬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 የፕሬዚዳንቱን ምርጫ የሻረው በአመዛኙ በውጤት አላላክ ጉድለት ነው። በ2022 የምርጫ ኮሚሽኑ ከ46 ሺህ በላይ የምርጫ ጣቢያዎችን የውጤት ቅጽ በኢንተርኔት ስለለቀቀ ማንም ሰው ራሱ መደመር ቻለ። በቬኔዙዌላ በ2024 እያንዳንዱ ማሽን ምሽት ላይ ውጤቱን በረዥም ወረቀት አትሞ ነበር፤ የተቃዋሚ ታዛቢዎች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነውን ሰብስበው ለሕዝብ አወጡ። ማዱሮን አሸናፊ ብሎ ያወጀው የምርጫ ምክር ቤት ግን የየጣቢያውን ዝርዝር ሳያሳይ ቀረ።