ስፖኪዮና የነጸብራቅ ሕግ

«የሚያርፈው ጨረርና የሚመለሰው ጨረር ማዕዘናቸው እኩል ነው» የሚለውን ያልሸመደደ ተማሪ የለም። ዛሬ የማነሳው ግን ስለ መኪና ስፖኪዮ ነው፤ በስደት ዓለም ውሎው መሪ ላይ የሆነው ወገናችን ብዙ ነውና።

በመጀመሪያ ማዕዘኑ ከየት ይለካል? ጨረሩ ካረፈበት ነጥብ ላይ፣ ለመስታወቱ ቀጥ ብሎ የቆመ መስመር በሐሳብዎ ያቁሙ። የሚለካው ከዚህ መስመር እንጂ ከመስታወቱ ገጽ አይደለም። ከገጹ በ30 ዲግሪ የመጣ ጨረር ማዕዘኑ 60 ነው፤ ሲመለስም በ60 ይመለሳል።

አሁን ስፖኪዮውን 5 ዲግሪ ወደ ውጭ እናዙር። የቆመው መስመርም አብሮ 5 ይዞራል። ዓይናችን ካለበት ስላልተነሳ በእኛ በኩል ያለው ማዕዘን በ5 ይሰፋል፤ በማዶ ያለውም እኩል መሆን ስላለበት በ5 ይሰፋል። ስለዚህ እይታችን የሚዞረው 10 ዲግሪ ነው። ይህ በ10 ሜትር ርቀት 1.8 ሜትር ያህል ወደ ጎን ማለት ነው። የአሜሪካ አውራ ጎዳና አንድ ረድፍ 3.6 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ በጣት ንክኪ ግማሽ ረድፍ አተረፍን!

አብዛኞቻችን ግን የገዛ መኪናችን ጎን እስኪታየን ድረስ ስፖኪዮውን ወደ ውስጥ እንስባለን። በራችን የት ይሄድብናል? የሚገድለው አጠገባችን ያለው መኪና ነው።

ጆርጅ ፕላትዘር የተባለ መሐንዲስ በ1995 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ጽሑፍ ያስፋፋው ዘዴ ቀላል ነው። ራስን ወደ ግራው መስኮት አስጠግቶ፣ የመኪናው ጎን ለጥቂት እስኪታይ ድረስ የግራውን ስፖኪዮ ወደ ውጭ ማዞር፤ ከዚያ ወደ መሐል አጋድሎ የቀኙን እንዲሁ ማድረግ። ቀና ሲሉ የራስዎ መኪና አይታይም። እኔ ለመልመድ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል፤ መጀመሪያ ላይ አንድ ጎኔ የጎደለ ይመስለኝ ነበር።

በአሜሪካ የሾፌሩ ወገን ስፖኪዮ ጠፍጣፋ እንዲሆን ሕግ ያስገድዳል፤ በአውሮፓ ግን በሁለቱም ወገን ቆልመም ያለው የተለመደ ነው። ቆልማማው ሰፊ ቦታ ቢያሳይም መኪናውን አሳንሶ ሩቅ ያስመስለዋል። ከአውሮፓ ወደ አሜሪካ የተሻገረ ሾፌር የግራው እይታ የጠበበበት በዚህ ምክንያት ነው።

ለመፈተን መንገድ ዳር ቁሙና የሚያልፍ መኪና ጠብቁ። ከውስጠኛው ስፖኪዮ ሳይወጣ ከጎኑ ውስጥ መግባት አለበት፤ ከዚያም ሳይወጣ በዓይናችሁ ጠርዝ መታየት አለበት። ሞተር ሳይክል ግን ጠባብ ክፍተት ይበቃዋልና፣ ፍሬቻ ካሳያችሁ በኋላ አንገታችሁን ዘወር አድርጉ።