ለነርሲንግ ሁለተኛ ዲግሪ የሚያመለክት ሰው ምን ይዞ ይቅረብ?



በነርሲንግ ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር የሚያመለክት ሰው አብዛኛውን ጊዜውን የሚያጠፋው ወረቀት በማሰባሰብ ነው። ኦፊሴላዊው ትራንስክሪፕት ከተመረቀበት ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር በቀጥታ ስለሚላክ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። የስፖንሰር ደብዳቤም እንዲሁ፤ ሆስፒታል ተተኪ ሳያገኝ ነርሱን መልቀቅ ይከብደዋል። ብሔራዊው የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናም በሥራ ልምድ ብቻ አይታለፍም።

ይህን ሁሉ ያሟላ አመልካች ግን በዓላማ መግለጫው ሲወድቅ አይቻለሁ። «ከልጅነቴ ጀምሮ ሕሙማንን መርዳት እመኝ ነበር» ብሎ ይጀምራል፤ ስምንት ዓመት ያሳለፈበት የሌሊት ተረኝነት በአንድ መስመር ታልፎ ይቀራል። ከእነዚያ ሌሊቶች የሚበልጥ ሀብት ስለሌለው ያሳዝነኛል።

በጨቅላ ሕፃናት ክፍል የምትሠራን ነርስ እናስብ። ከማዋለጃ ክፍል የሚመጡላት ሕፃናት አዘውትረው ቀዝቅዘው ይደርሳሉ፤ ሙቀታቸው የዓለም ጤና ድርጅት ዝቅተኛ ወሰን አድርጎ ካስቀመጠው 36.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ነው። ችግሩ የሚበረታው ሌሊት ነው ወይስ ቀን? ቶሎ ስለሚታጠቡ ነው፣ መንገዱ ስለሚረዝም፣ ወይስ ከእናታቸው ገላ ፈጥነው ስለሚለዩ? መዝገቡ በየቀኑ በእጇ ያልፋል (ለጥናት ለመጠቀም ፈቃድ እንደሚያሻ አትርሱ)። ይህንኑ ጥያቄ በአንድ አንቀጽ ብታሰፍር፣ የምርጫ ኮሚቴው ማን ሊያማክራት እንደሚችል ወዲያው ማሰብ ይጀምራል።

የድጋፍ ደብዳቤውም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ከትልቅ ሹም ይልቅ ሥራዋን በዐይኑ ያየ የክፍል ኃላፊ ቢጽፍላት ይሻላል፤ «ታታሪና ትሑት ናት» የሚል ደብዳቤ፣ ማኅተሙ የቱንም ያህል ቢደምቅ፣ ስለ ማንም ሊጻፍ ይችላል።