ተጫዋች የሚያፈራ፣ ዋጋውን የማይሰበስብ ገበያ

በኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ አንድ ተጫዋች ከክለብ ወደ ክለብ ሲዛወር ቀድሞ ለነበረበት ክለብ የሚከፈል ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ የለም። ውሉ አልቋል፤ መልቀቂያውን ይዟል፤ አዲሱ ክለብ የሚከፍለው ለተጫዋቹ ለራሱ ነው። በየዓመቱ ከሐምሌ ጀምሮ በሬዲዮና በጋዜጣ ስለ ፊርማና ዝውውር የሚነገረው ሁሉ ሲመረመር ሽያጭ ሳይሆን ቅጥር ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ከትልልቆቹ የስፖንሰር ገበያዎች ርቆ በአካባቢው ልጆች ጉልበት የቆመው የሶዶ ከተማው ክለብ ወላይታ ድቻ ግን ከማንም በላይ የሚጎዳው በዚሁ ልዩነት ነው።

የዝውውር ዋጋ ምንጩ ውል ነው። ክለብ የሚሸጠው ሰውየውን ሳይሆን ቀሪውን የውል ዘመን ነው። ሦስት ዓመት የቀረውን ተጫዋች የፈለገ ክለብ ለሦስቱም ዓመት ሻጩን ማሳመን አለበት፤ ጥቂት ወራት የቀሩትን የፈለገ ግን ትንሽ ከታገሠ በነጻ ያገኘዋል። የፊፋ ደንብ ውል እስከ 5 ዓመት እንዲረዝም ይፈቅዳል፤ ዕድሜው ከ18 በታች ለሆነ ተጫዋች ጣሪያው 3 ዓመት ነው። ውሉ ሊያበቃ 6 ወር የቀረው ተጫዋች ከሌላ ክለብ ጋር መፈራረም ይችላል። የአውሮፓ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1995 በቤልጅየማዊው ዣን ማርክ ቦስማን ጉዳይ ውሉን የጨረሰ ተጫዋች ያለ ክፍያ እንዲሄድ ከፈረደ በኋላ፣ የአውሮፓ ክለቦች መልስ ውልን ማስረዘምና ሳያልቅ ማደስ ሆነ። በአሜሪካው የኤንቢኤ ቅርጫት ኳስ ሁለት ክለቦች ተጫዋች የሚለዋወጡት፣ ብዙ ጊዜም የተጫዋቹን ፈቃድ ሳይጠይቁ፣ ውሉ የቀረው ዘመን ስላለው ነው። የሚለዋወጡት ውል ከሌለ ልውውጥም የለም።

በኢትዮጵያ የተለመደው ውል የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ነው። ለዚህ ምክንያት አለው። የአብዛኞቹ ክለቦች ገንዘብ ከከተማ፣ ከዞን ወይም ከክልል አስተዳደር በየዓመቱ የሚመደብ በጀት በመሆኑ፣ የክለቡ ኃላፊ የሚቀጥለውን ዓመት ገቢ ሳያውቅ የአራት ዓመት ግዴታ ለመግባት ይቸገራል። አሰልጣኝ በየጊዜው ይቀያየራል፤ አዲስ የመጣውም የራሱን ተጫዋቾች ይፈልጋል። ተጫዋቹ ደግሞ በጅምላ የሚያገኘው ጥሩ ገንዘብ የፊርማ ክፍያው ስለሆነ፣ ውሉ በቶሎ ባለቀ ቁጥር አዲስ ፊርማ ያገኛል። ሦስቱም ወገኖች በየራሳቸው ስሌት አልተሳሳቱም። ድምሩ ግን ክለቡን ባዶ እጁን ያስቀረዋል።

ወላይታ ድቻ ፕሪሚየር ሊጉን የተቀላቀለው በ2006 ዓ.ም. ነው። በ2009 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዋንጫን አንሥቶ በቀጣዩ ዓመት በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ካፕ ተሳተፈ። የዛንዚባሩን ዚማሞቶ አሰናብቶ ከግብጹ ዛማሌክ ጋር ተገናኘ። ሐዋሳ ላይ 2 ለ 1 አሸነፈ፤ ካይሮ ላይ በዚያው ውጤት ተሸነፈ፤ በፍጹም ቅጣት ምትም 4 ለ 3 ረትቶ የአፍሪካን ሻምፒዮንነት አምስት ጊዜ የወሰደውን ክለብ ከውድድር አስወጣ። ጉዞው ያበቃው በሚቀጥለው ዙር በታንዛኒያው ያንግ አፍሪካንስ ነው። ለአንድ የዞን ከተማ ክለብ ይህ ትልቅ ታሪክ ነው፤ ዛሬም ሶዶ ላይ የሚነሣው በኩራት ነው። በኢኮኖሚ ሲታይ ደግሞ በሁለት ሳምንት ውስጥ የአንድ ሙሉ ቡድን ዋጋ ከፍ ያለበት አጋጣሚ ነው። ረዥም ውል ባለበት ገበያ ከዚህ ጭማሪ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ክለቡ ሲሆን፣ አጭር ውል ባለበት ግን ተጫዋቹና ቀጣዩ ቀጣሪ ይካፈሉታል።

ወላይታ ይህን ስሌት በሌላ መልኩ ጠንቅቆ ያውቀዋል። የጊፋታ በዓል የሚከበረው በመስከረም ነው፤ የበሬ ዋጋም በዓሉ ሲዳረስ ይንራል። በሬውን ዓመቱን ሙሉ እያደለበ የቆየ ገበሬ ያን ጊዜ ሻጭ ነው፤ ያላደለበው ገዢ ነው። ድቻ በየክረምቱ ገበያ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ እንደ ገዢ ነው፤ የሚገዛውም ራሱ ያሳደገውን ዓይነት ተጫዋች ነው። ቸርነት ጉግሳ ከድቻ ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ሄዷል። በዛብህ መለዮም የድቻን ማልያ ለብሶ ከተጫወተ በኋላ በካሜሩኑ የአፍሪካ ዋንጫ የተመረጠው የፋሲል ከነማ ተጫዋች ሆኖ ነው። ተጫዋቾቹ መሄዳቸው ጥፋት አይደለም፤ የእግር ኳስ ዕድሜ አጭር ነው። ጥፋቱ እነሱን ለማፍራት የወጣው ገንዘብ ተመልሶ የሚመጣበት መንገድ አለመኖሩ ነው።

በወጪ በኩል የተሞከረው መፍትሔ ጣሪያ ነበር። በነሐሴ 2011 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ የአንድ ተጫዋች ወርሃዊ ደሞዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ወሰኑ። በጊዜው የግብር ሕግ ከ50,000 ብር ላይ 16,000 ብር የሥራ ግብር ይቆረጥ ነበር፤ የጡረታ መዋጮ ሳይታሰብ በእጅ የሚቀረው 34,000 ብር ነበር። ያን ጊዜ አንድ ዶላር ወደ 29 ብር ስለነበር ጣሪያው ከ1,700 ዶላር ጋር ይቀራረባል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ገበያው ተለቆ የአንድ ዶላር ዋጋ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ሲያልፍ፣ ያው 50,000 ብር ከ500 ዶላር በታች ሆነ። የምግቡና የቤት ኪራዩ ዋጋ እየጨመረ በብር ተቸክሎ የቆመ ጣሪያ ወይ ተጫዋቹን ይጎዳል፣ ወይ በጎን በሚሰጥ ክፍያ ይጣሳል።

ኤንቢኤ ጣሪያውን እ.ኤ.አ. ከ1984 የውድድር ዘመን ጀምሮ የሚያሰላው ከሊጉ ገቢ ነው። መጀመሪያ ለአንድ ቡድን 3.6 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ለ2024–25 የውድድር ዘመን 140.6 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ደረሰ። ገቢው ሲያድግ ጣሪያው አብሮ ያድጋል፤ የውሎቹ መጠንም በይፋ ስለሚታወቅ መደበቅ ያስቸግራል። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን የሚመራው ኩባንያ በኋላ የክለቦችን ጠቅላላ የተጫዋች ወጪ ወደሚቆጣጠር የፋይናንስ መመሪያ መዞሩ ከቀድሞው የተሻለ አካሄድ ነው። የጎደለው ጣሪያውን ክለቡ ራሱ ከሚያመነጨው ገቢ ጋር ማያያዝ ነው። በመንግሥት በጀት ላይ የተመሠረተ ጣሪያ የሚለካው የአስተዳደሩን አቅም እንጂ የክለቡን አይደለም።

የራስ ገቢ ጉዳይ ደግሞ ወደ ሜዳ ይመልሳል። ሱፐር ስፖርት በ2013 ዓ.ም. ለ5 ዓመት የተዋዋለበት የስርጭት መብት 22.5 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፣ በአማካይ በዓመት 4.5 ሚሊዮን ዶላር ይሆናል። ከዚያው ዓመት ጀምሮ ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ ይካሄድ ጀመር። ድቻ በዚህ አሠራር የሶዶ ስታዲየም መግቢያ ገቢውን አጣ፤ በምትኩ ቡድኑን ለሳምንታት በሌላ ከተማ ማሳደርና መመገብ ወጪ ሆነበት። በጨዋታ ቀን ከቦዲቲ፣ ከአረካና ከሁምቦ ወደ ሶዶ ይጎርፍ የነበረው ደጋፊ ለምሳ፣ ለሻይና ለባጃጅ ያወጣው የነበረው ብርም ከከተማዋ ቀረ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ርዕሰ ከተማ ለሆነች ሶዶ ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም። ቴሌቪዥኑ ሌላም ለውጥ አምጥቷል። ቀድሞ አንድን የድቻ ተጫዋች ለማየት የአዲስ አበባ ክለብ መልማይ ወደ ሶዶ መምጣት ነበረበት፤ በስርጭቱ ግን ሁሉንም በስክሪን ማየት ቻለ። ለተጫዋቹ መልካም ነው፤ አጭር ውል ላለው ክለብ ግን ልጁ ቶሎ መታወቁ ቶሎ መሄዱ ነው።

የብሔራዊ ቡድን ምርጫም በዚሁ ገበያ ውስጥ ዋጋ ጠቋሚ ነው። የዋልያዎቹን ማልያ የለበሰ ተጫዋች በሚቀጥለው ክረምት የሚጠይቀው ፊርማ ከፍ ይላል። በአገር ውስጥ ሊግ የሚጫወቱ ብቻ የሚሰለፉበት የቻን ውድድር ደግሞ የውጭ መልማዮች የሚመለከቱት መድረክ ሆኖ ቆይቷል። ሶዶ ላይ የቡድኑ ስም ዝርዝር ሲወጣ ለምን የድቻ ልጅ አልተካተተም የሚለው ክርክር የአካባቢ ስሜት ብቻ አይደለም፤ ስለ ዋጋ የሚደረግ ክርክርም ነው። በሥራ ዋስትናው የሚሠጋ አሰልጣኝ ለዋንጫ ከሚፎካከሩ ክለቦች ቢመርጥ ወቀሳው ይቀልለታል። ይህን የተረዳ ወጣት ለመመረጥ ሲል በእኩል ደሞዝ እንኳ ወደ ትልቅ ክለብ ይሄዳል። እዚህ ላይ አንድ የተጣመመ ነገር ይፈጠራል፦ የሁለት ዓመት ውል የሰጠ ክለብ ተጫዋቹ በተመረጠ ቁጥር የሚያተርፈው የመሰናበቻውን ቀን ማቅረብ ነው። የአራት ዓመት ውል ቢኖረው ግን ያው ምርጫ የክለቡን ሀብት ይጨምራል።

ወደ ውጭ የሚደረግ ዝውውር የተለየ ሕግ አለው፤ ለድቻ ዓይነት ክለብ ትልቁ ያልተነካ ገንዘብም ያለው እዚያ ነው። አቡበከር ናስር በ2013 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ቡና ማልያ 29 ጎል አስቆጥሮ በቀጣዩ ዓመት መጨረሻ ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ማምራቱ መንገዱ ክፍት መሆኑን አሳይቷል። ፊፋ ተጫዋቹን ላሰለጠኑ ክለቦች ሁለት ክፍያዎችን ደንግጓል። አንደኛው የሥልጠና ካሳ ነው፤ ተጫዋቹ 23 ዓመት እስኪሞላበት ዓመት ማብቂያ ድረስ ወደ ሌላ አገር ሲዛወር የሚከፈል ሲሆን መጠኑ በአዲሱ ክለብ ደረጃ ይወሰናል። በአፍሪካ ሦስተኛ ደረጃ ላለው ክለብ በዓመት 10,000፣ ለሁለተኛ ደረጃ 30,000 ዶላር ነው፤ ከ12 እስከ 15 ዓመት ያለው ሥልጠና ግን የሚታሰበው በአራተኛው ደረጃ ተመን በ2,000 ዶላር ነው። አዲሱ ክለብ ራሱ አራተኛ ደረጃ ከሆነ ካሳ የለም። ሁለተኛው የትብብር መዋጮ የሚባለው ነው፤ ውል ሳያልቅ ከሚከፈል የዝውውር ዋጋ 5 በመቶው ተጫዋቹን ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሳደጉ ክለቦች ይከፋፈላል፤ ከ16 ዓመት ወዲህ ለእያንዳንዱ የውድድር ዘመን 0.5 በመቶ ነው።

በቁጥር ይታይ። አንድ የአረካ ልጅ ከ16 ዓመቱ ጀምሮ አራት የውድድር ዘመን በድቻ ተመዝግቦ ቢሰለጥንና ከዚያው በቀጥታ ወደ ሦስተኛ ደረጃ የሌላ አፍሪካ አገር ክለብ ቢሄድ፣ ካሳው 40,000 ዶላር፣ ማለትም ከ4 ሚሊዮን ብር በላይ ነው። ውሉ አልቆ በነጻ ቢሄድ እንኳ ካሳው አይቀርም። ያው ልጅ ኋላ በ500,000 ዶላር ቢሸጥ ድቻ 2 በመቶውን፣ 10,000 ዶላር ያገኛል። ነገር ግን ልጁ ድቻ ሳለ የፕሮፌሽናል ውል ፈርሞ፣ መጀመሪያ ወደ አዲስ አበባ ክለብ ተዛውሮ ከዚያ ወደ ውጭ ቢሄድ፣ ካሳው የሚገባው ለመጨረሻው ክለብ፣ ያውም እሱ ላሰለጠነበት ጊዜ ብቻ ነው፤ ለድቻ የሚቀረው መዋጮው ነው። በአጭር ውል የሚጠፋው የአገር ውስጥ ዋጋ ብቻ እንዳልሆነ እዚህ ላይ ይታያል።

ገንዘቡ የሚሰላው በምዝገባ ነው። ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ክፍያውን የሚያስፈጽመው የፊፋ የክፍያ ማዕከል የሚያየው የተጫዋቹን ኤሌክትሮኒክ ፓስፖርት ነው፤ የትኛው ክለብ በየትኛው ዓመት እንዳስመዘገበው የሚናገር መዝገብ ነው። በታዳጊ ፕሮጀክት ለዓመታት ሲሰለጥን ቆይቶ በ19 ዓመቱ ብቻ የተመዘገበ ልጅ፣ በዚህ ዓይን ከ16 እስከ 18 ዓመቱ ያሉትን ሦስት ዓመታት ያሰለጠነው ማንም የለም። ክለቡ ለአንድ የታዳጊዎች መዝገብ ያዥ የሚከፍለው የዓመት ደሞዝ አንድ ልጅ ብቻ ወደ ውጭ ቢወጣ ብዙ እጥፍ ሆኖ ይመለሳል። ሁለት አማካይ ተጫዋቾችን ለማስፈረም ከሚወጣው ገንዘብ በፊት ይህ ወጪ መቅደም አለበት።

በአገር ውስጥ ዝውውርስ? የፊፋ ደንብ እያንዳንዱ ፌዴሬሽን በራሱ መመሪያ ታዳጊ ያሰለጠኑ ክለቦችን የሚክስ ሥርዓት እንዲያካትት ይጠይቃል። በብር የተወሰነ፣ በሥልጠና ዓመት የሚባዛ፣ ሳይከፈል ምዝገባ የማይፀድቅበት ክፍያ ማውጣት የሚያስቸግር አይደለም። ተገቢ ሥጋት ግን አለ፤ ካሳው ከበዛ ገዢው ያንን ከተጫዋቹ ፊርማ ላይ ይቀንሳል፣ ወይም ልጁን ማንም አይቀጥረውም። ስለዚህ መጠኑ ልከኛ ሆኖ ከ23 ዓመት በኋላ መቆም አለበት። ረዥም ውልም እንዲሁ ተጫዋቹን ማሰሪያ እንዳይሆን በየዓመቱ የሚያድግ ደሞዝ፣ በጉዳት ጊዜ የማይቋረጥ ክፍያና አስቀድሞ የተጻፈ የመልቀቂያ ዋጋ ሊኖረው ይገባል። ከዚያ ዋጋ ላይ ለራሱ ለተጫዋቹ ድርሻ ቢቆረጥለት፣ በየሁለት ዓመቱ አዲስ ፊርማ ከመፈለግ ይልቅ ውሉን ለማራዘም ምክንያት ያገኛል።

ከብሔራዊ ቡድን ምርጫም ለክለብ በቀጥታ የሚመጣ ገንዘብ እየተከፈተ ነው። ፊፋ ለ2026 የዓለም ዋንጫ ለክለቦች የመደበው 355 ሚሊዮን ዶላር ለመጀመሪያ ጊዜ በማጣሪያ ጨዋታዎች ተጫዋች የለቀቁ ክለቦችንም ይጨምራል፤ ተጫዋቹ በዋናው ውድድር ባይሳተፍ እንኳ። ኢትዮጵያ ከግብጽ፣ ከቡርኪና ፋሶ፣ ከሴራሊዮን፣ ከጊኒ ቢሳውና ከጅቡቲ ጋር በተደለደለችበት ማጣሪያ ለዋልያዎቹ ተጫዋች የለቀቀ የአገር ውስጥ ክለብም የዚህ ድርሻ ባለመብት ነው። ገንዘቡ የሚሄደው ተጫዋቹን ለለቀቀው፣ ማለትም በጥሪው ዕለት ውሉን ለያዘው ክለብ ነው።