የቺሊ መንግሥት አወዳደቅ፤ የውጭ እጅና የውስጥ መለያየት

በሕዝብ ድምፅ የቆመ መንግሥት በጦር ኀይል ሲገለበጥ፥ ጥፋቱ የውጭ መንግሥት ነው ወይስ የአገሬው ሰዎች? በዚህ አጭር ጽሑፍ የቺሊን ታሪክ እንደ ምሳሌ ወስደን ጥያቄውን ለመመርመር እንሞክራለን። የምንጠቅሳቸው ዘመናት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በሴፕቴምበር 4 ቀን 1970 በተደረገው ምርጫ፥ የሶሻሊስቱ ወገን ዕጩ ዶክተር ሳልቫዶር አዬንዴ ከመቶ 36 ያህል ድምፅ አግኝተው አንደኛ ወጡ። ከግማሽ በላይ ያገኘ ስላልነበረ፥ በሕገ መንግሥቱ መሠረት ፕሬዚዳንቱን መምረጥ የፓርላማው ፈንታ ሆነ።

የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኒክሰን አዬንዴ ሥልጣን እንዳይዙ እንዲደረግ የስለላ ድርጅታቸውን ሲ.አይ.ኤ.ን አዘዙ። በመንገዱ ላይ ግን አንድ ሰው ቆመው ነበር፤ እሳቸውም ጦሩ ለሕገ መንግሥቱ መታዘዝ አለበት የሚሉት የጦር አዛዡ ጄኔራል ሬኔ ሽናይደር ናቸው። ኦክቶበር 22 ቀን ሤረኞች ሊጠልፏቸው ሲሞክሩ በጥይት መቷቸው፤ በሦስተኛው ቀን ሞቱ። ሲ.አይ.ኤ. ከሤረኞቹ ጋር ይገናኝ እንደ ነበርና ለአንደኛው ቡድን መሣሪያ እንደ ሰጠ፥ በ1975 የአሜሪካ ሴኔት ኮሚቴ መርምሮ ገልጿል። ሤራው ግን ከሸፈ። ፓርላማው ኦክቶበር 24 ቀን በ153 ድምፅ አዬንዴን መረጠ፤ ተቀናቃኞቻቸው ክርስቲያን ዴሞክራቶችም ድምፃቸውን ሰጧቸው።

ከዚህ በኋላ የውጭው እጅ መንገዱን ለወጠ። በ1971 የመዳብ ማዕድን የመንግሥት ሀብት ሲሆን፥ ፓርላማው ያጸደቀው በሙሉ ድምፅ ነበር። ነገር ግን ከአሜሪካ የሚገኘው ብድር እየደረቀ ሄደ። እንደ ኮሚቴው ምርመራ፥ ከ1970 ምርጫ እስከ ግልበጣው ድረስ 8 ሚሊዮን ዶላር ለተቃዋሚ ጋዜጦች፥ ለፓርቲዎችና ለመሰሎቻቸው በምስጢር ተከፍሏል።

የውስጡንም ጉድለት መሸሸግ አይገባንም። የመንግሥቱ ደጋፊ ፓርቲዎች በለውጡ ፍጥነት አልተስማሙም፤ የወረቀት ገንዘብ ያለ ልክ ታተመ፤ ዋጋ ናረ፤ በኦክቶበር 1972 የጭነት መኪና ባለቤቶች ሥራ አቆሙ። በ1970 ለአዬንዴ ድምፅ የሰጡት ክርስቲያን ዴሞክራቶች ከተቃዋሚው ጋር አበሩ፤ በኦገስት 1973 የእንደራሴዎች ምክር ቤት መንግሥቱ ሕግ ጥሷል ሲል ወሰነ። በዚያው ወር የሽናይደርን መንገድ የተከተሉት አዛዥ ጄኔራል ፕራትስ ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ ጄኔራል ፒኖቼ ተተኩ።

ሴፕቴምበር 11 ቀን 1973 ቤተ መንግሥቱ በአውሮፕላን ተደበደበ። አዬንዴ በዚያው ሕይወታቸው አለፈ፤ ራሳቸውን እንደ ገደሉ በ2011 የተደረገው የአስከሬን ምርመራ አረጋግጧል። እስከ 1990 በቆየው የጦር አገዛዝ ከ3,000 በላይ ሰዎች ተገደሉ ወይም ደብዛቸው ጠፋ።

ኮሚቴው አሜሪካ በግልበጣው በቀጥታ ለመካፈሏ ማስረጃ አላገኘም። ይህ ግን ነጻ አያወጣትም፤ ብድር የነፈገና ጠብን በገንዘብ የመገበ፥ ቤቱ ሲፈርስ እጄ የለበትም ሊል አይችልም። ሆኖም ያው የውጭ ኀይል በ1970 ሞክሮ አልሆነለትም። በሦስቱ ዓመታት መካከል የተለወጠው፥ በተቀናቃኞች መካከል የነበረው መተማመንና በጦሩ ራስ የቆሙት ሰዎች ናቸው። የውጭ እጅ በር ያንኳኳል፤ መወርወሪያውን የሚያነሣው ግን ከውስጥ ያለው ነው። እንግዲህ ነጻነቱን የሚወድ ሕዝብ ሁለቱንም አብሮ ሊጠብቅ ይገባዋል እንላለን።