ከቧንቧ ውሃ እስከ ካሉብ፦ ጋዝ ሲለካ የሚለካው ምንድን ነው?

በደሴ ከተማ ቧንቧ ውሃ የሚባል ሰፈር አለ። ነዋሪው በግቢው ስለተተከለው የውሃ ቆጣሪ ቅሬታ ሊኖረው ይችላል፤ አንድ ነገር ግን አይጠራጠርም። ደሴ ላይ አንድ ሜትር ኩብ የሆነ ውሃ ኮምቦልቻ ቢወርድም ያው አንድ ሜትር ኩብ ነው። በቧንቧው የሚያልፈው ነዳጅ ወይም ጋዝ ቢሆንስ?

በናፍጣ እንጀምር። የናፍጣ ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቀንስ ይዘቱ በ0.08 በመቶ ገደማ ይኮማተራል። ጅቡቲ ላይ በ35 ዲግሪ 40 ሺህ ሊትር የጫነ ቦቴ ደሴ ሲደርስ ነዳጁ ወደ 15 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ፣ ከ600 ሊትር በላይ ጎድሎ ይገኛል። ሾፌሩ ጠብታ እንኳ አልነካም፤ የነዳጁ ክብደትም አልተለወጠም። በነዳጅ ንግድ ሊትሩን ወደ አንድ የተወሰነ ሙቀት፣ ብዙ ጊዜም ወደ 15 ዲግሪ፣ መልሶ ማስላት የተለመደው በዚህ ምክንያት ነው።

የጋዝ ጉዳይ ከዚህም ይከብዳል። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በዚህ ልዩነት ሳቢያ የደሴ የአየር ግፊት ከኮምቦልቻው በ7 በመቶ ያህል ያንሳል። ኮምቦልቻ የተገዛ የታሸገ ድንች ጥብስ ዳገቱን ሲወጣ ከረጢቱ የሚወጠረው ስለዚህ ነው፤ በውስጡ ያለው አየር አልጨመረም፣ ሰፋ እንጂ። እንግዲህ ግፊቱና ሙቀቱ ያልተገለጸ «አንድ ሜትር ኩብ ጋዝ» መጠን ሊባል አይችልም። ተማሪዎቻችን የቦይል ሕግ ከፈተና አልፎ የመንግሥት ግምጃ ቤት አይገባም ብለው የሚያስቡ ይመስለናል፤ ይገባል።

በሶማሌ ክልል የሚገኘው የካሉብ ጋዝ የተገኘው በ1970ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የልማቱ የመጀመሪያ ምዕራፍ በመስከረም 2018 ዓ.ም. ተመርቋል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። በአንቀጽ 98 ደግሞ በነዳጅና በጋዝ ሥራዎች ላይ የሚጣለውን ግብርና የሮያሊቲ ክፍያ የፌዴራል መንግሥትና ክልሎች በጋራ ይሰበስባሉ። ክፍያው ከምርቱ ልክ ይነሣል፤ ልኩ ከተሳሳተ የሁለቱም ድርሻ አብሮ ይሳሳታል።

በብዙ የዓለም የጋዝ ጉድጓዶች የሚሠራበት መለኪያ እጅግ ቀላል ነው። ቧንቧው ውስጥ መካከሉ ላይ ክብ ቀዳዳ ያለው ዝርግ ብረት ይገባል። ጋዙ በቀዳዳው ሲያልፍ ግፊቱ ይወርዳል፤ ከግፊቱ ልዩነት ካሬ ሥር ፍሰቱ ይሰላል። የሒሳቡ መነሻ የቀዳዳው ጠርዝ ስል መሆኑ ነው። ጠርዙ በአሸዋ ተበልቶ ከዶለዶመ ጋዙ በቀላሉ ስለሚያልፍ የግፊቱ ልዩነት ያንሳል፤ መለኪያውም ካለፈው ጋዝ ያነሰ ይመዘግባል። ጠርዙ በአንድ ወገን የተሞረደ ብረት በስሕተት ተገልብጦ ከገባ ጉድለቱ ከ10 በመቶ ሊበልጥ ይችላል። በዚህ ሁሉ ማንም አልሰረቀም፤ ባለንብረቱ ሕዝብ ግን ይከስራል።

ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት ዋና የኦዲት መሥሪያ ቤት በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት፣ ከፌዴራል መሬት የሚወጣው ነዳጅና ጋዝ በትክክል ስለመለካቱ በቂ ማረጋገጫ የለም ሲል ደምድሟል። የመለኪያ ደንቦቹ የ1989 ነበሩ፤ መሣሪያዎቹ ግን ከዚያ ወዲህ ወደ ኤሌክትሮኒክ ተለውጠዋል። የአገሪቱ የመሬት አስተዳደር ቢሮ በ2016 አዲስ ደንብ አወጣ። አዲስ ዓይነት መሣሪያ በባለሙያዎች ቡድን ሳይመረመር እንዳይፈቀድ ደነገገ፤ የየከፍታውን የአየር ግፊት የሚያሳይ ሠንጠረዥም አባሪ አደረገ። ብዙ የግፊት መለኪያዎች የሚያነቡት ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ስለሆነ፣ የቦታው ከፍታ ከስሌቱ መቅረት አይችልም።

በአገራችን በ2003 ዓ.ም. ብሔራዊ የሥነ ልክ ኢንስቲትዩት ተቋቁሟል። የማደያ መለኪያን መፈተሽ ግን በአንጻሩ ቀላል ነው፤ ልኩ የታወቀ ዕቃ ተሞልቶ ይታያል። ከፍተኛ ግፊት ያለውን ጋዝ በዕቃ ሞልቶ ማመሳከር አይቻልም። ስለዚህ ተቆጣጣሪው ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ቁጥሩ የመጣበትን ሁሉ የማየት ሥልጣንና ዕውቀት ያሻዋል፦ የሙቀቱን፣ የግፊቱን፣ የብረቱን። ለመጨረሻው ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ብረቱ ይወጣል፣ ይጸዳል፣ በጠርዙ ላይ የባትሪ ብርሃን ይበራበታል። ስል ጠርዝ ብርሃን አይመልስም፤ ቀጭን የብርሃን መስመር ከታየ ጠርዙ ዶልዱሟልና ብረቱ ይለወጣል።